የተነቃነቀ ወንበር ምስማር አይሻም

ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ የምናገረው በጣም ስለተለመደ አንድ የቤት ዕቃ ብልሽት፣ ይኸውም ስለተነቃነቀ የእንጨት ወንበር ነው። ሰው ሲቀመጥበት ሲጥ ሲጥ የሚል፣ መደገፊያውን ይዘው ሲገፉት ወደ ጎን የሚያጋድል፣ እግሮቹን የሚያያይዘው አግዳሚ እንጨት በእጅ ሲነካ ከቀዳዳው ወጣ ገባ የሚል ወንበር የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ወንበር ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይደርስበታል፤ ወይ ምስማር ይመታበታል፣ ወይ ማንም እንዳይቀመጥበት ተብሎ ወደ ጥግ ይገፋና በዚያው ተረስቶ ይቀራል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል፤ ምክንያቱም አካሉ ሙሉ ሆኖ መጋጠሚያው ብቻ የላላ ወንበር፣ የአናጺነት ሙያ የሌለው ሰው በግማሽ ቀን ሥራ አስተካክሎ በማግስቱ ሊቀመጥበት የሚችል ዕቃ ነው።

ልነግራችሁ የምፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው፤ የቀረው ሁሉ የእርሱ ማብራሪያ ነው። የላላ መጋጠሚያ የሚድነው ማጣበቂያ ስለተጨመረበት ሳይሆን፣ ተፈትቶ፣ አሮጌው ማጣበቂያ ተፍቆ፣ እንጨት ከእንጨት ጋር ያለ ክፍተት እንደገና ሲገናኝ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት ሥራውን ከመጨረሻው ስለሚጀምሩ ነው። የኮላውን ጠርሙስ አንሥተው በስንጥቁ ዙሪያ ያፈሱና ይተዉታል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወንበሩ እንደ ቀድሞው ሲነቃነቅ ኮላውን ይወቅሳሉ። ኮላው ግን የሚጣበቅበት ንጹሕ እንጨት አላገኘም።

ወደ ጥገናው ከመግባታችን በፊት ወንበሩን ገልብጣችሁ ከታች ተመልከቱት። አንዳንድ ወንበሮች የተገጣጠሙት በማጣበቂያ ሳይሆን በብሎን ነውና ጥገናቸው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ሚካኤል ቶኔት የተባለው ጀርመናዊ አናጺ እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣው፣ በእንፋሎት ከተጎበጠ እንጨት የሚሠራውና ቁጥር 14 የሚባለው ዝነኛ ወንበር በ6 እንጨቶች፣ በ10 ብሎኖችና በ2 ዳዶዎች ብቻ የሚቆም ነበር፤ ተፈታትቶ ሲታሸግም 36 ወንበሮች በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ይገቡ ነበር። በዚህ መንገድ የተሠራ ወንበር ሲነቃነቅ ብሎኑን በልኩ ካቻቢቴ ወይም ቁልፍ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የብሎኑ ቀዳዳ ሰፍቶ ብሎኑ በባዶ የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ፣ ኮላ የተቀባ ቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ፣ ሲደርቅ ትርፉን ቆርጦ፣ ብሎኑን እንደገና ማስገባት ነው። በመቀመጫው ሥር በአራቱ ማዕዘናት ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ድጋፎች ካሉም የእነርሱ ብሎኖች መጀመሪያ ይጠበቁ፤ አንዳንዴ ሕመሙ በሙሉ እዚያ ነው።

አሁን የምንነጋገረው ግን በማጣበቂያ ስለተያያዘው ወንበር ነው። በእንዲህ ያለው ወንበር የአግዳሚው ጫፍ ተጠርቦ ወንዴ ይሆንና በእግሩ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ይህ አሠራር ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 በተከፈተው የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ የተገኙት ወንበሮች የተገጣጠሙት በዚሁ በወንዴና ሴቴ ዘዴ ነው። በዚያው በግብፅ፣ ሬክሚሬ በተባለው ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ ከ3,400 ዓመታት ገደማ በፊት የተሳለ ሥዕል ደግሞ አናጺዎች ሙጫ በእሳት አሙቀው እንጨት ሲያጣብቁ ያሳያል። ያን ያህል ዘመን የኖረ መጋጠሚያ ደካማ ነው ሊባል አይችልም። ታዲያ ለምን ይላላል?

መልሱ ከእንጨቱ ተፈጥሮ ይጀምራል። እንጨት ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተላግቶና ቫርኒሽ ተቀብቶም ቢሆን በአየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት መጠጣትና መመለስ አያቆምም። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። ነገር ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። እንጨት እንደ ታሰረ የሸምበቆ ነዶ ነው ብላችሁ አስቡት፤ ቃጫዎቹ በግንዱ ቁመት ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቃጫ እርጥበት ሲጠጣ ይወፍራል እንጂ አይረዝምም። ስለዚህ አንድ ጣውላ ከእርጥብነት ወደ ፍጹም ደረቅነት ሲሄድ በወርዱ እንደ ዛፉ ዓይነት ከመቶው 8 ወይም 10 እጅ ድረስ ሊጠብ ሲችል፣ በቁመቱ የሚያጥረው ግን ከ100 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ይህን ይዘን ወደ መጋጠሚያው እንመለስ። የአግዳሚው ቃጫ ወደ ጎን ተኝቷል፤ የእግሩ ቃጫ ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለቱ ሲገናኙ መስቀል ይሠራሉ። እርጥብ ወቅት ሲመጣ ወንዴው ጫፍ ዙሪያውን ማበጥ ይፈልጋል፤ ቀዳዳው ግን በእግሩ ቁመት አቅጣጫ፣ ማለትም ከላይና ከታች፣ ምንም አይሰፋለትም፤ የእግሩ ቃጫ አይረዝምምና። ስለዚህ ያበጠው ጫፍ መሄጃ አጥቶ ይጨመቃል፣ የላይና የታች ቃጫዎቹም ይደቃሉ። ደረቁ ወቅት ተመልሶ ሲመጣ ጫፉ ይሸማቀቃል፤ የደቀቀው ቃጫ ግን ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስምና አሁን ጫፉ መጀመሪያ ከነበረበትም ያነሰ ሆኖ ይገኛል። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጫፍ ከ100 አንድ እጅ ብቻ ቢያንስ ሩብ ሚሊ ሜትር ክፍተት ተፈጠረ ማለት ነው፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ደግሞ መጋጠሚያን ለማላላት ከበቂ በላይ ነው። ወንበሩ ማንም ሳይቀመጥበት በሁለት ወቅቶች መፈራረቅ ብቻ ሊላላ የሚችለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የማጣበቂያው ጠባይ ነው። ኮላ ከቃጫ ጎን ጋር ሲገናኝ እጅግ ብርቱ ነው፤ በጎናቸው በደንብ የተጣበቁ ሁለት ጣውላዎችን በኃይል ብንሰብራቸው ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እንጨቱ እንጂ ኮላው የተቀባበት መስመር አይደለም። ከተቆረጠ የቃጫ አፍ ጋር ሲገናኝ ግን ቃጫው ኮላውን ወደ ውስጥ ይመጠዋል፣ የሚቀረውም የረባ ነገር አይይዝም። በእግሩ ላይ የተበሳውን ክብ ቀዳዳ በብርሃን ብትመለከቱት የላይና የታች ግድግዳው የተቆረጠ የቃጫ አፍ ነው፤ የቃጫ ጎን ያለው በግራና በቀኝ ግድግዳው ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ዙሪያውን ኮላ ቢቀባም በእውነት የሚይዘው ግማሹ ያህል ነው። አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያላቸው ወንበሮች ከክቦቹ ይልቅ ዕድሜ ያላቸውም ለዚህ ነው፤ የሚጣበቁበት ሰፊ የቃጫ ጎን አላቸው።

በዚህ ላይ የእኛ አቀማመጥ ይጨመራል። የአንድ ወንበር እግር ከመቀመጫው እስከ ወለሉ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወደ መቀመጫው የሚገባው ጫፍ ብዙ ጊዜ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ይህ ማለት የእግሩን ታች የሚገፋ ኃይል መጋጠሚያው ውስጥ ሲደርስ 18 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ተቀማጩ ወደ ኋላ ተለጥጦ ወንበሩን በሁለት እግሮቹ ሲያቆመው፣ በአንዱ እግር ታች ላይ የ10 ኪሎ ግራም ያህል የጎን ግፊት ቢያርፍና ያ መጋጠሚያ ብቻውን ቢሸከመው፣ ውስጡ የሚያርፍበት ከ180 ኪሎ ግራም የማያንስ ጭነት ነው። አንድ መጋጠሚያ ሲላላ ደግሞ ጭነቱ ወደ ቀሩት ይዛወራልና እነርሱም በተራቸው ይላላሉ። በመጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ ሳለ ያልተጠገነ ወንበር በመጨረሻ ሁሉም ነገሩ የሚነቃነቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ምስማሩ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ ከጥገና ሁሉ የከፋው እርሱ ነውና። ምስማር ሲመታ የመጀመሪያው ቀን ወንበሩ የጸና ይመስላል። ነገር ግን ምስማሩ በጫፉና በቀዳዳው መካከል ያለውን ክፍተት አልሞላም፤ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ወግቶ ያዘው እንጂ። ወንበሩ በተገፋ ቁጥር እንጨቱ በዚያ ነጥብ ዙሪያ ይዞራል፤ ጠንካራው ብረት ለስላሳውን ቃጫ እየፋቀ የራሱን ቀዳዳ ያሰፋል። ቀጥሎ ጫፉ በምስማሩ መስመር ይሰነጠቃል። ምስማሩ ዝጎ እንጨቱን ያጠቁራል፣ ራሱም ይበላል። ከሁሉም በላይ ግን በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ መጋጠሚያውን ፈትቶ በወጉ ሊሠራው ሲሻ ምስማሩ አይለቀውም፤ ለማውጣት ሲባል ጤነኛ እንጨት ይቆፈራል። በማዕዘን ላይ የሚለጠፉት የታጠፉ ቁራጭ ብረቶችም ዕጣቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቀድሞ የተመታ ምስማር ያለበት ወንበር ከገጠማችሁ ሥራውን በእርሱ ጀምሩ፤ በዙሪያው ያለውን እንጨት በቀጭን መሮ በጥቂቱ ገልጣችሁ ራሱን በፒንሳ ያዙና እያሽከረከራችሁ ሳቡት። ቀጥ አድርጎ በኃይል መንቀል እንጨቱን ይሰነጥቃል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልጉን የጎማ መዶሻ፣ ጠባብ መሮ ወይም የደነዘዘ ቢላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የእንጨት ኮላ፣ ትንሽ ብሩሽ፣ ጠንካራ ገመድ፣ እርጥብና ደረቅ ጨርቅ ናቸው። የጎማ መዶሻ የሌለው የብረቱን መዶሻ ተጠቅሞ በመካከል ወፍራም ጨርቅ የተጠቀለለበት እንጨት ያስገባ።

በመጀመሪያ የቱ መጋጠሚያ እንደላላ እንለያለን። ወንበሩን በደልዳላ ወለል ላይ አቁማችሁ አንድ እጃችሁን በመጋጠሚያው ላይ አሳርፉ፣ በሌላው መደገፊያውን ቀስ ብላችሁ ግፉና ሳቡ። የላላው መጋጠሚያ በጣት ሥር ሲንቀሳቀስ ይታወቃል። በዚሁ አኳኋን እያንዳንዱን መርምሩና የላሉትን በእርሳስ ምልክት አድርጉባቸው። የሚፈቱት የላሉት ብቻ ናቸው። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ፤ የጸናውን መጋጠሚያ ለሥራ እንዲመች ብሎ በኃይል መፍታት ጤነኛውን ቃጫ መገንጠል ነው። ከመፍታታችሁም በፊት በየእንጨቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ቁጥር ጻፉበት፤ የግራና የቀኝ አግዳሚዎች ተመሳስለው ቢታዩም ቀዳዳቸውን የለመዱ ናቸውና አይለዋወጡም። የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደነበረም ምልክት ይደረግ።

መጋጠሚያው የላላ ሆኖም አልወጣ ካለ በጉልበት አትታገሉት። ውስጡ ያለው አሮጌ ማጣበቂያ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ማወቅ ይበጃል። ከፍንጣቂው ላይ ለብ ያለ ውኃ ጠብ አድርጉበትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚሠራው የድሮው ሙጫ ነው፤ ነጭ ሆኖ እንደ ላስቲክ ከለሰለሰ ደግሞ ዛሬ የተለመደው ነጩ የእንጨት ኮላ ነው። ነጩ ኮላ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ክላተ እ.ኤ.አ. በ1912 ያገኘው ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ወንበር ሁሉ በመጀመሪያው አሠራሩ ነጭ ኮላ ሊኖረው አይችልም። የድሮው ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ መጋጠሚያው ላይ ጠቅልሎ መተው ይበቃል። ነጩን ኮላ ግን ሞቅ ያለ ኮምጣጤ በመርፌ ወይም በጠብታ ወደ ስንጥቁ ማስገባት ያለሰልሰዋል። ከዚያ እየነቀነቁ መሳብ፣ በጎማ መዶሻም በመጋጠሚያው አጠገብ በቀስታ መምታት ነው። ከመጋጠሚያው ርቆ መምታት እንጨቱን ይሰብራል።

አሁን የደረስንበት ክፍል ሰዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን ከጥገናው ግማሽ የሚሆነው ነው የምለው ማጽዳት ነው። የደረቀ ነጭ ኮላ አዲስ ኮላ አይቀበልም። ኮላ ወደ ቃጫው ቀዳዳ ጠልቆ ገብቶ ካልደረቀ በቀር አይይዝም፤ የድሮው ንብርብር ደግሞ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖታል። ከዚህ የሚለየው የእንስሳት ሙጫ ብቻ ነው፤ አዲስ ሙቅ ሙጫ ሲቀባበት አሮጌው ቀልጦ ከአዲሱ ጋር ይዋሐዳል፤ ነጭ ኮላ የሚቀባበት ከሆነ ግን እርሱም ቢሆን መጽዳት አለበት። ወንዴውን ጫፍ ዙሪያውን በደነዘዘ ቢላ ፋቁት። ሥራው የሚጠይቀው መፋቅ እንጂ መላግ አይደለም፤ የምናነሣው ማጣበቂያውን ብቻ ነው፣ ከእንጨቱ አንድ ሽፋን እንኳ ብንወስድ ክፍተቱን እያሰፋን ነው። ብርጭቆ ወረቀትንም በዚህ ቦታ የምፈራው ስለዚህ ነው፤ ክቡን ጫፍ ሳያስቡት ሞላላ ያደርገዋል። ቀዳዳውን ለማጽዳት ግን 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቀጭን ዱላ ላይ ጠቅልሎ ማሽከርከር ይቻላል፤ የቀዳዳው መጨረሻ ላይ የተጠራቀመውን ፍርፋሪ በጠባብ መሮ አውጡት፣ አለበለዚያ ጫፉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ይከለክለዋል። ማጽዳቱ ማለቁን የምታውቁት እንጨቱ የራሱን ቀለም ሲያሳይና ውኃ ጠብ ሲደረግበት ድቡልቡል ጠብታ ሆኖ ከመቆም ይልቅ ወደ ውስጥ ሲሰርግ ነው። በውኃም ሆነ በኮምጣጤ የራሰ እንጨት በደንብ ይድረቅ፤ አንድ ሌሊት ቢያድር ይመረጣል።

ቀጥሎ ያለ ኮላ ገጣጥሞ መሞከር ነው። ይህን ሙከራ በምንም ምክንያት አትዝለሉት። ጫፉ በእጅ ግፊት ወይም በመዶሻ ቀላል ምት ገብቶ፣ ወደ ታች ሲያዘቀዝቁት በራሱ ክብደት የማይወድቅ ከሆነ ልኩ ነው። በራሱ የሚወድቅ ከሆነ ወደ ቀጣዩ እርምጃ ከመሄዳችን በፊት ክፍተቱ መሞላት አለበት፤ ነጭ ኮላ ክፍተት የመሙላት ኃይል የለውምና። ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሶ መጠቅጠቅ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ቀዳዳን ለዓይን ይሞላል እንጂ ኃይል አይሸከምም። የሚበጀው በመላጊያ የተነሣ ቀጭንና ወጥ የእንጨት ልጣጭ ወስዶ፣ ቃጫው በጫፉ ቃጫ አቅጣጫ እንዲሆን አድርጎ፣ በኮላ በጫፉ ዙሪያ ማልበስና በክር አስሮ ማድረቅ ነው። ሲደርቅ ጥቂት በጥቂት እየሞረዱ፣ በየመካከሉም ከቀዳዳው እየለኩ ወደ ትክክለኛው ውፍረት ይደርሳሉ። ክፍተቱ በጣም ሰፊ ወይም ቅርጹ የተበላሸ ከሆነ ግን ነጩን ኮላ ትቶ ሁለቱን ክፍሎች ቀላቅለው የሚጠቀሙበትን ኢፖክሲ መውሰድ ይሻላል፤ እርሱ ክፍተት ቢኖርም ይይዛል፣ ነገር ግን ዳግም ለመፍታት በጣም አስቸጋሪ ነውና የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። በጠብታ የሚሸጠው ፈጣን ማጣበቂያ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲደርቅ ግትር ስለሚሆን መጋጠሚያው ሲናጥ ይሰነጠቃል።

ሁሉም ልክ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ብቻ የኮላው ጠርሙስ ይከፈት። ከመቀባታችሁ በፊት ገመዱ፣ ጨርቁ፣ መዶሻው ሁሉ በአጠገባችሁ ይሁን፤ ኮላው ከተቀባ በኋላ ያላችሁ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ኮላውን በቀዳዳው ግድግዳ ላይ በብሩሽ ዙሪያውን ቀቡ፣ ጫፉንም በስሱ ቀቡት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መቀባት ቢያስፈልግ ቀዳዳውን እመርጣለሁ፤ ጫፉ ላይ የተቀባው ሲገባ በቀዳዳው አፍ ተጠርጎ ውጭ ይቀራልና። መጠኑ ስስ ይሁን። ቀዳዳው መውጫ የሌለው ከሆነ የበዛ ኮላ ከሥር ተጠራቅሞ ጫፉን ይገፋል፣ በመዶሻ በኃይል ከተመታም እግሩን እስከመሰንጠቅ ይደርሳል። ለዚህ ሲባል በጫፉ ጎን ላይ በመጋዝ አንድ ቀጭን መስመር ማበጀት፣ የታመቀው አየርና ኮላ መውጫ እንዲያገኝ ይረዳል።

ከዚያ ማጥበቅ ነው። ረጅም ሞርሳ ያለው ይጠቀምበት፤ የሌለው በገመድ እኩል ሥራ ይሠራል። ገመዱን በእግሮቹ ዙሪያ በአግዳሚዎቹ ከፍታ ሁለት ጊዜ አዙራችሁ እሰሩት። በሁለቱ የገመድ ዙሮች መካከል አጭር ዱላ አስገቡና አሽከርክሩ፤ ገመዱ እየተገመደ ሲሄድ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይጨብጣል። ገመዱ እንጨቱን እንዳይቆርጠው በየማዕዘኑ ካርቶን ጣል አድርጉ። በመጋጠሚያው ከንፈር ላይ ኮላው ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ብቅ ሲል ይብቃችሁ፣ ዱላውንም እንዳይመለስ ከአግዳሚው ጋር እሰሩት። ከዚያ በላይ ማጥበቅ እግሮቹን ያጎብጣል፣ የሚያስፈልገውንም ኮላ ጨምቆ ያስወጣል። ብቅ ያለውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ደርቆ የቀረ ኮላ በኋላ ቫርኒሽ ሲቀባ ቀለም የማይቀበል ነጣ ያለ እድፍ ይሆናል።

ኮላው ከመያዙ በፊት አንድ ነገር ይቀራችኋል። ወንበሩን በጣም ደልዳላ በሆነ ቦታ ላይ አቁሙትና አራቱም እግሮች መርገጣቸውን አረጋግጡ፤ ከፊት ግራ እግር እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ያለውን ርቀትም በሜትር ለኩ። የፊቱም ሆነ የኋላው ስፋት ምን ቢሆን፣ የግራና የቀኙ ጎን እኩል በሆነ ወንበር ላይ እነዚህ ሁለት ልኮች እኩል መውጣት አለባቸው። ካልተካከሉ ረዘም ያለውን ማዕዘን በእጅ ወደ ውስጥ ግፉት፤ አሁን በቀላሉ ይታዘዛል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን አይታዘዝም። በመቀመጫው ላይ ከበድ ያለ ነገር ጫኑበትና እንደቆመ ይደር። የኮላው አምራች በጠርሙሱ ላይ የ30 ደቂቃ ወይም የአንድ ሰዓት ማጥበቂያ ጊዜ ቢጽፍም፣ ያ ገመዱ የሚፈታበት ጊዜ እንጂ ሰው የሚቀመጥበት አይደለም። ሙሉ ጥንካሬው የሚገኘው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። የክፍሉ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ነጩ ኮላ እንደ ኖራ ነጥቶ ይደርቃልና አይይዝም፤ በብርድ ወቅት ወንበሩንም ኮላውንም አስቀድሞ ወደ ሞቀ ክፍል ማስገባት ያስፈልጋል።

ወንዴው ጫፍ ከነጭራሹ ተሰብሮ በቀዳዳው ውስጥ የቀረ እንደሆነ ሥራው ይጨምራል እንጂ አይቋረጥም። የተሰበረውን አስተካክሎ መቁረጥ፣ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ማጥራት፣ በአግዳሚውም ጫፍ መካከል ቀዳዳ በስቶ ሁለቱን በደረቅ ክብ ዘንግ ማገናኘት ይቻላል፤ ዘንጉ ጠንካራ እንጨት ይሁን፣ በእያንዳንዱም ወገን ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይግባ። እግሩ ራሱ በመካከሉ በአግድም የተሰበረ ወንበር ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ የሚገናኘው የቃጫ አፍ ከቃጫ አፍ ጋር ነውና ኮላ ብቻውን የሰው ክብደት አይሸከምም። ሰው ሊወድቅ፣ ሊጎዳም ስለሚችል እንዲህ ያለውን እግር በአዲስ ማስለወጥ እንጂ በቤት ለማጣበቅ መሞከር አልመክርም። በቃጫው መስመር በቁመቱ የተሰነጠቀ እግር ግን ተቃራኒው ነው፤ ስንጥቁን በቀጭን ሽብልቅ ጥቂት ከፍቶ፣ ኮላ አስርጎ፣ በገመድ አጥብቆ ማሳደር በአብዛኛው ከቀድሞው የማያንስ ጥንካሬ ይሰጠዋል።

ቀለም ስለተቀባ አሮጌ ወንበር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በፊት የተቀቡ ቀለሞች እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርባቸው ይችላል፤ ብናኙም በተለይ ሕፃናትን ክፉኛ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉት፤ መጋጠሚያው አካባቢ ያለውን ብቻ በውኃ አርሳችሁ በመፋቂያ አንሡና ፍርፋሪውን በጨርቅ ሰብስባችሁ አስወግዱ።

ከ24 ሰዓት በኋላ ወንበሩ መጋጠሚያው ጸንቶ ሳለ አንድ እግሩ መሬት ላይረግጥ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወደ መጋዝ ይሮጣል። መጀመሪያ ወንበሩን ወደ ሌላ ቦታ ወስዳችሁ፣ ደግሞም አዙራችሁ አቁሙት፤ የማይረግጠው እግር ሁልጊዜ ያው ካልሆነ ጥፋቱ የወለሉ ነው። የወንበሩ ከሆነም ረጃጅሞቹን ሦስት እግሮች ከመቁረጥ ይልቅ ባጠረው እግር ሥር በክፍተቱ ልክ የተቆረጠ ቀጭን እንጨት ወይም ወፍራም ቆዳ በኮላ መለጠፍ ይበቃል። ክፍተቱን ለመለካት ካርቶን እያጣጠፋችሁ ከእግሩ ሥር አስገቡ፤ ወንበሩ መነቃነቁን ያቆመበት የካርቶን ውፍረት የምትለጥፉት ቁራጭ ውፍረት ነው።